የመሃል ስም

በርገን፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ መሕሙድ አግማስ
ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? የደሴ ብርድ ጉልበትዎ ላይ እንዳይበረታ ዱዓዬ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዝናቡ አያባራም እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ይህን የምታነብልዎ ጎረቤትዎ ፊርደውስ እንደሆነች አውቃለሁ። እርሷ የምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት በጦርነቱ ጊዜ የመጻሕፍቱ ካርድ ሁሉ እንደተበተነበት ነግራኝ ነበር። እኔም እዚህ የምሠራው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለሆነ ድረ ገጽ ሠርቼላቸው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ አሠራሩን እያስተማርኳቸው ነው። ሲያልቅ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ የሚፈልገው መጽሐፍ መኖር አለመኖሩን በስልኩ ያያል። አለቃቸው አቶ ጸጋው ቶሎ ይገባቸዋል። ባልደረባዋ ራሂማ ገና ማውዙን ትፈራዋለች፤ እርሷም ትለምዳለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ብቅ ብለው በስክሪኑ ቢያዩኝ ደስታዬ ነው።

አንድ ጉዳይም አለኝ። አባቴ (አላህ ይርሐመው) ኮምቦልቻ የተወው ቤት እስካሁን ወደ እኔ አልዞረም። የሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ልጅነቴን የሚያረጋግጥ የቅርብ ዘመድ ምስክር እፈልጋለሁ ብሏል። እናቴ የለችም፣ ወንድምም እህትም የለኝም። ከእርስዎ የቀረበ ሰው የለኝምና እንዳያሳፍሩኝ።

የወንድምዎ ልጅ
ሁዘይፋ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሁዘይፋ

ወዐለይኩሙ ሰላም። ሰላምታ የአላህ ነው፣ ለማንም ቢሆን ይመለሳል፤ ስለዚህ መለስኩ። ጤና ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ ጆሮዬ ግን ደህና ነው። ለአንተ ክፋት ደህና ሆኖ ቀረ።

ፊርደውስ፣ እንዳልኩት ጻፊ፤ አታለዝቢ።

ቅዳሜ መጣሁ። የጁምዓ ጋቢዬን ለብሼ መጣሁ። ራሂማ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ፊትህ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ ወፍረሃል። ጸጋው "ጋሽ መሕሙድ፣ ይኸው የወንድምዎ ልጅ" አለ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ግንባርህ የኑርሁሴን ግንባር ነው። በጎኔ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ይሄ የኔ ነው እያልኩ ነበር።

ከዚያ ትምህርቱ ተጀመረ። መጀመሪያ የሚገባው መጽሐፍ ያንተ ይሁን ተባለ፣ ያ ስለ ወሎ ገበያዎች የጻፍከው። ፊርደውስ ማሽኑ ላይ ተቀመጠች። እየጻፈች በአፏም "ሁዘይፋ ኑርሁሴን አግማስ" አለች፣ እኛ እንደምናውቅህ። አንተ ምን አልክ? ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። "አይ ፊርደውስ፣ ኑርሁሴን የሚለውን አጥፊው፤ አያስፈልግም" አልክ።

ክፍሉ ሙሉ ሰው ነው። ራሂማ ዞራ አየችኝ። ጸጋው ጣራ ጣራውን አየ። ፊርደውስ እጇ ቀጥ አለ። አንተ ከዚያ ማዶ ሆነህ "ያችን ቁልፍ ተጫኛት፣ ከኋላ እየሰረዘች ትሄዳለች" እያልክ ታስተምራታለህ። ተጫነቻት። ወንድሜ በአንድ ጣት ጠፋ።

እኔ ማንበብ አልችልም። ምን ቀረ ብዬ ጠየቅሁ። "ሁዘይፋ አግማስ" አሉኝ። ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ስለ ምስክርነቱ ጠይቀሃል። ኑርሁሴን የማያስፈልግህ ከሆነ የኑርሁሴን ቤትም አያስፈልግህም። አልመሰክርም።

የጻፈችውን አስነበብኳት፤ "ተቀይሜሃለሁ" ብላ ጽፋለች። ቅያሜ ከጎረቤት ጋር ነው፣ ሲነጋ ይበርዳል። ይሄ ቂም ነው። ቂም ብለሽ ጻፊ አልኳት። ይኸው ጽፋዋለች፦ ቂም ይዣለሁ።

መሕሙድ አግማስ
በፊርደውስ እጅ የተጻፈ


በርገን
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ

አሰላሙ ዐለይኩም። ፊርደውስ ፎቶ አንሥታ የላከችልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። እንዲህ ያዝኑብኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። "አጥፊው" የምንለው የማሽን ቋንቋ ነው። ፊደል መሰረዝ ማለት እንጂ ሰው ማጥፋት አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአገር ስወጣ ፓስፖርቴ ላይ የእኔም፣ የአባቴም፣ የአያቴም ስም ነበረ። እዚህ አገር ሰው የሚጠራው በመጨረሻው ስሙ ነው፤ የቤተሰብ ስም ይሉታል። ስለዚህ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤትም ሥራ ቦታም ሁሉም "አግማስ" ይለኝ ጀመር። ዜግነት ስቀበል ጸሐፊዋ "የመሃል ስምህን ታቆየዋለህ ወይስ ትተወዋለህ?" ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀቱን ለማሳጠር ብዬ ተውኩት። የመሃል ስም እዚህ እንደ ጌጥ ነው፤ ኖረ አልኖረ ማንም አይጠይቅም። ዲግሪዬም መጽሐፌም በዚሁ ስም ወጡ። አሁን የደሴው ድረ ገጽ ላይ በሌላ ስም ብገባ፣ ሌላ አገር ያለ ቤተ መጻሕፍት የሚያውቀው ሰውና የደሴው ሰው ሁለት ሰው ይሆናሉ። የሙያ ነገር ነው፤ ከክብር ጋር አይገናኝም።

አባቴ በልቤ አለ። በአላህ ይሁንብዎ፣ የፍርድ ቤቱን ነገር ከዚህ ጋር አያገናኙብኝ።

ሁዘይፋ


ደሴ
ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታናሽ ወንድሜ ለሁዘይፋ አግማስ

ወዐለይኩሙ ሰላም። እንዴት ከረምክ ወንድሜ? አትደንግጥ፣ በስምህ ነው የጠራሁህ። አንተ የአግማስ ልጅ ነህ፣ እኔም የአግማስ ልጅ ነኝ፤ እንግዲህ ወንድማማች ነን። እናቴ በስተርጅና መውለዷን የነገረኝ ሰው አልነበረም እንጂ፣ ለገንፎው እደርስ ነበር።

ፊርደውስ ትስቃለች። ሳቂ፣ ግን ጻፊ።

"የመሃል ስም" ያልከውን እንድትደግምልኝ አደረግሁ። አባት የመሃል ስም ነው? ኑርሁሴን መሃል የነበረ መሆኑ እውነት ነው። በአንተና በረሃብ መሃል ነበረ። ኮምቦልቻ ፋብሪካው በር ላይ ጆንያ ሲያወርድ፣ በጆንያውና በመሬቱ መሃል የነበረው የእርሱ ጀርባ ነው። በዚያ ጀርባ ነው ፊደል የቆጠርከው። እርሱ እንደኔ ቀለም አያውቅም፤ የጻፈው የለ፣ የተጻፈለት የለ። ስሙ የተጻፈበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። አንተ ላይ።

የመጽሐፍህን ጀርባም አስነበብኩ። "ከቦሩ ሜዳው ስመ ጥር ሰው ከአግማስ ዘር የተወለደ" ይላል። ይሄን ማን ነገረህ? አግማስ የኔ አባት ነው፣ እኔን ጠይቀኝ። ቦሩ ሜዳ ላይ ስመ ጥር የነበረች በቅሎው ናት። እኔ ጡት ሳልጥል በቅሎውን ጭኖ ቢስቲማ ወረደ፤ እዚያ አገባ፣ እዚያ ከበረ፣ እዚያ ሞተ። በቅሎውን አስከተለ፣ እኛን አላስከተለም። እኔን አዝሎ ያሳደገኝ ኑርሁሴን ነው፤ እርሱም ያኔ ልጅ ነው። እኔ የአግማስን ስም የተሸከምኩት አላህ ስለጻፈብኝ ነው። አንተ ግን መረጥክ። የተሸከመህን ጥለህ የጣለንን ተሸከምክ።

አሁን ወደ ቤቱ። ቃዲው ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። ሟች ወንድ ልጅ ካለው ወንድም አይወርስም፤ ከሌለው ግን ወንድም ይወርሳል አሉኝ። ወረቀትህ አግማስ ይላል፣ መጽሐፍህ አግማስ ይላል፣ ያ ግድግዳ ላይ የምታበራው ነገር አግማስ ይላል። የኑርሁሴን ልጅ የትም የለም። እንግዲያው ወራሹ እኔ ነኝ። አይ፣ ለካ አንተም ወንድማችን ነህ፤ ለሁለት እንካፈለው። አንተ በሩን ውሰድ፣ እኔ ግድግዳውን።

ቤቱ ናፍቆኝ አይደለም። ቤት አለኝ፣ የኮምቦልቻም ሙቀት አይስማማኝም። እንዲያምህ ብዬ ነው የምወስደው።

ታላቅ ወንድምህ
መሕሙድ አግማስ


በርገን
የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ መሕሙድ አግማስ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነበር። በዚሁ ምክንያት የቅዳሜው ሥልጠና ለጊዜው ቆሟል። ለአቶ ጸጋውም አሳውቄያለሁ። ከእርስዎና ከእኔ ጉዳይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ዓይንዎ እየባሰበት መሆኑን፣ ሞራ ሳይሆን እንደማይቀር ፊርደውስ ነግራኛለች። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወረፋ አስይዤ የሕክምናውን ወጪ እኔ እችላለሁ። ዓይንዎ ሲመለስ ፍርድ ቤት መመላለሱም ይቀልልዎታል።

ስለ አያቴ የጻፉትን አልቀበልም።

ሁ. አግማስ


ደሴ
የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሁ. አግማስ

አሁን ደግሞ የራስህንም ስም አሳጠርከው። "ሁ" ማለት መድረሳ የገባ ሕፃን የሚለው ነው እንጂ የሰው ስም አይደለም። በዚህ አያያዝህ በሚመጣው ደብዳቤ ነጥቧን ብቻ ትልክልናለህ።

ዓይኔን ተወው። ቢበራ ምን ላነብበት ነው? መመስከር ደግሞ በአፍ ነው፣ በዓይን አይደለም። በቅሎ ጠፍታብህ እንደሆነ ሌላ ቦታ ፈልግ፤ እኔ በገመድ አልሳብም።

ጸጋው እቤቴ መጥቶ ነበር፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ።

"ጋሽ መሕሙድ፣ በእናንተ ጠብ እኛ መሃል ቀረን" አለ።

"መሃልን ለሁዘይፋ ንገረው፣ እርሱ ያውቃታል" አልኩት። "ምን ጎደለባችሁ?"

"ድረ ገጹ የሚከፈተው በእርሱ የምስጢር ቁልፍ ነው። መጻሕፍቱን ሁሉ ያስገባናቸው እርሱ ባሳየን መንገድ፣ የመጨረሻውን ስም አስቀድመን ነው። አሁን ተማሪ መጥቶ የሙንዚርን መጽሐፍ ሲል፣ ማሽኑ ሙንዚር የሚባል ደራሲ የለኝም ይላል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ። የሙንዚርን አያት ስም ካላወቅን አይሰጠንም።"

"አያቶቹ ከመቃብር ተነሥተው መጽሐፍ ጻፉ በለኛ።"

"ጻፉ። ራሂማማ 'የቤተሰብ ስም' የሚለው ሳጥን ውስጥ የማንን ልሙላ፣ የአባቴን ነው የባሌን ብላ ጠይቃ እስካሁን መልስ ትጠብቃለች። እኔም አላውቅም። በእኛ አገር ቤተሰብ ስም የለውም፣ ሰው ነው ስም ያለው።"

ይሄን ወደድኩለት። ከዚያ ግን ሽምግልና ቃጣው። "ጋሽ መሕሙድ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል" አለኝ።

"እኔ የምሰርቀው የለኝም፤ እንደ ልቤ አስላለሁ" አልኩት።

ሲወጣ ፊርደውስ "አባባ፣ እኛ ግን ምን አደረግን?" አለችኝ። ይቺ ልጅ የኔን ነገር ስትጽፍልኝ አንድ ቀን አጉረምርማ አታውቅም። እነሱን የቀጣሃቸው እኔን ለማንበርከክ ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው ትላለህ፤ ወላሂ ሥራህን አውቀዋለሁ።

ስማ እንግዲህ፣ ቅጣትህን ቆርጫለሁ። ቅዳሜ ትምህርቱን ትከፍታለህ። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ። ኑርሁሴንን ካጠፋህበት ቦታ፣ ባየው ሰው ሁሉ ፊት፣ በራስህ ጣት ትመልሰዋለህ። እኔ ማንበብ ስለማልችል እየጻፍክ በአፍህ ትጠራዋለህ። የሌላውንም ሰው አባት በቦታው ትመልሳለህ፣ ልጅየውንም ከአያቱ ፊት ታቆማለህ። ከዚያ ቁልፉን ለነፊርደውስ ትሰጣለህ፤ ዛሬ ጽፈህ ነገ የምትሰርዝ ሰው ነህና። ይህን ካደረግህ እመሰክራለሁ። ካላደረግህ ቤቱን እረከባለሁ፣ ኑርሁሴን ላንተ ብሎ በሠራው ክፍል ውስጥም ዶሮ አረባለሁ።

መሕሙድ አግማስ


በርገን
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ረመዳኑን አላህ ያግራልዎ፤ ጾሙንም ይቀበልዎ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ተናደድኩ። ልመልስ ተቀምጬ ብዙ ጻፍኩና ቀደድኩት። ከዚያ መጽሐፌን አውጥቼ ጀርባውን አየሁ። ወረቀቱን ለማሳጠር ብዬ ነው ያልኩዎት እውነት አይደለም። እዚህ እንደመጣሁ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "አባትህ ምን ይሠራል?" ብሎ ነው። ጆንያ ተሸካሚ ነው የሚለው ቃል አፌ ላይ እየመጣ ይመለሳል። አያቴ ትልቅ ሰው ነበር ማለት ቀለለኝ። ጸሐፊዋ የመሃሉን ስም ትተወዋለህ ወይ ስትል፣ አንድ ሰው ሸክም ላግዝህ ያለኝ ነው የመሰለኝ።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ፣ ትምህርቱን እከፍታለሁ። ያሉትን ሁሉ አደርጋለሁ። ለቤቱ ብሎ ነው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለቤቱ ይሁን ለሌላ፣ እኔም ለይቼ አላውቀውም።

ረመዳን ነውና አውፍ በሉኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ሁዘይፋ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሁዘይፋ ኑርሁሴን

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዒዱን በሰላም አሳልፈናል፤ አንተንም አላህ ያድርስህ።

ያን ቅዳሜ አንተ ያየኸው ከወዲያ ነው፤ ከወዲህ የነበረውን እኔ ልንገርህ። ጾም አፌን አድርቆት ከፊት ተቀመጥኩ። ፊትህ መጣ፣ ከንፈርህ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን የለም። ጸጋው "ሁዘይፋ፣ ሙት ላይ ነህ" ብሎ ጮኸ። ክው አልኩ።

ራሂማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አባባ፣ ሙት የሚሉት ድምፅ ሲዘጋ ነው፤ አልሞተም" አለችኝ።

"ገና ነው" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ።

ድምፅህ ሲከፈት ስሙን ጽፈህ ጨርሰህ ነበር። ጸጋው ሊገላግልህ ፈልጎ "በቃ ጋሽ መሕሙድ፣ ተጽፏል፣ ሁላችን አይተናል" አለ። "እኔ አልሰማሁም" አልኩ። ጠራኸው። "ጮክ ብሎ" አልኩ። ጮክ ብለህ ጠራኸው። "ከኋላ ያሉት ይስሙ" አልኩ። በሦስተኛው ድምፅህ ተሰበረ። መጀመሪያውኑም ሰምቼሃለሁ። ያስደገምኩህ ጣፍጦኝ ነው። ጾሜን እንዳያበላሽ ብዬ ለኢማሙ ነገርኳቸው።

ከዚያ በኋላ እነ ፊርደውስ ቁልፉን ተቀብለው ሰዉን ሁሉ በየስሙ ሲያስገቡ ዋሉ። ራሂማ ማውዙን እንደ ጫጩት ጨብጣ ይዛ "ሙንዚር ተገኘ" ስትል፣ ልጇ ጠፍቶ የተገኘ ነው የምትመስለው። አሁን እርሷ ናት አዲስ ለሚመጡት የምታስተምር። "የቤተሰብ ስም" የሚለውን ሳጥን ጸጋው አንሥቶ "የአባት ስም" አድርጎታል። ጥሩ ሠራ።

ፍርድ ቤትም ሄድኩ። ቃዲው "ሁዘይፋ የሚባለውን ሰው ያውቁታል?" አሉኝ።

"አውቀዋለሁ።"

"የማን ልጅ ነው?"

"የኑርሁሴን አግማስ ልጅ ነው። ኑርሁሴን ሌላ ልጅ አልወለደም፣ እርሱም ሌላ አባት የለውም።"

አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አሳረፍኩ። ቤቱ ያንተ ነው። ዶሮዎቹን ትቻለሁ። ቁልፉን ከጎረቤትህ ከሰዒዳ ተቀበል።

አውፍ በሉኝ ብለሃል። ፊርደውስ ብዕሯን አንሥታ "አውፍ ብያለሁ ልበል አባባ?" ትላለች፤ ዓይኗ ይለምነኛል። አትበይ አልኳት። አውፍ የሚለው የተበደለው ነው፣ የተበደለው ደግሞ ኮምቦልቻ ተኝቷል። እኔ በሰው ሐቅ ቸር አልሆንም። የኔን ድርሻ ቂም እንደሆነ ገና አልጨረስኩትም።

መጥተህ እርሱን ለምነው። መቃብሩን ግን ለብቻህ አታገኘውም። እዚያ ድንጋይ ላይ ስም አይጻፍም፣ ሲቀበርም አልነበርክም፣ በዚያ ድረ ገጻችሁ ብትፈልገውም አይወጣም። አብረውኝ አፈር ያለበሱት የፋብሪካ ሰዎች እንጀራ ፍለጋ ተበትነዋል። ቦታውን የማውቅ እኔ ቀርቻለሁ፤ እኔም ብዙ የምቆይ አይመስለኝም። ስለዚህ ፍጠን።

መጀመሪያ ቧንቧ ውሃ መጥተህ በሬን ታንኳኳለህ። ድምፅህን ባውቀውም "ማነው?" እላለሁ። የራስህን ስም ብቻ ተናግረህ ዝም ካልክ አልከፍትም።

አጎትህ
መሕሙድ